በደቂቃ አርባ ቃል

ሰኞ፣ የካቲት 4

ልጄ ይህን ደብተር የሰጠችኝ መድኃኒት የወሰድኩበትን ሰዓት እንድመዘግብበት ነው። ጠዋት አንድ ነጭ፣ ማታ አንድ ቢጫ። ይኸው ተመዘገበ። የቀረውን ገጽ ምን ላድርገው? ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖርኩ፤ የራሴን አንድ መስመር ሳልጽፍ ልሞት ነው እንዴ? እዚህ አራሚ የለብኝም። እንደ ልቤ እሳሳታለሁ።

ልጄ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ማንበብ የከበዳቸው አሥራ አራት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ከሰዓት በኋላ እዚያ ይገባሉ። ሐሳቡ የልጄ ነው። ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች እየመጡ ልጆቹ ሲያነቡ ያዳምጧቸው ብላ ማስታወቂያ ለጠፈች። የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ ሽማግሌ መሆናቸውን ገና አላመኑም መሰለኝ።

ዛሬ ገምጋሚ መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ይብለጨለጫል፣ አንገቱ ላይ የሩጫ ዳኛ የሚይዘው ዓይነት ሰዓት ተንጠልጥሏል። ባለሰዓቱ ብዬዋለሁ። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ገጽ ለአንድ ደቂቃ ያስነብብና በትክክል ያነበበውን ቃል ይቆጥራል። በግንቦት ተመልሶ ያንኑ ገጽ ያስነብባቸዋል፤ ለውጡ ያን ጊዜ ይታያል። ከአሥራ አራቱ አሥሩ በደቂቃ አርባ ቃል ካነበቡ ክፍሏ ትቀጥላለች። ካልሆነ መደርደሪያው ተነሥቶ የተሰበረ ወንበር ይከመርባታል፤ ልጄም ከማስተማር ወጥታ ሌላ ሥራ ላይ ትመደባለች።

ዛሬ ከሁሉ የበለጠው አሥራ ዘጠኝ ቃል አነበበ። ፌንጣ አራት። ፌንጣ ያልኳት መስመር ላይ ስለማትረጋ ነው፤ ከአንዱ ቃል ተነሥታ ሦስቱን ዘላ አራተኛው ላይ ታርፋለች።

ባለሰዓቱን ስሸኘው፣ የኔ ልጅ፣ እኔንስ አትለካኝም ወይ አልኩት። እርስዎ በደቂቃ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው የሚለኩት አባት፣ አለኝ። ወደድኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ሰኞ ባለሰዓቱ ሲያስነብብ እኔም እዚያው ጥግ ነበርኩ። ልጆቹ እንዳይፈሩ ብላ ያስቀመጠችኝ ልጄ ናት። ስለዚህ ገጹን አሥራ አራት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በትከሻው በኩልም አይቼዋለሁ። አራሚ ደግሞ ያየውን ገጽ አይረሳም፣ የሙያ በሽታ ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ ከነሥርዓተ ነጥቡ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። እጄን ለማፍታታት ያህል።

አንድ ፖስተኛ ብስክሌቱን ከዛፍ ሥር አቁሞ ደብዳቤ ሊያደርስ ይገባል። ሲመለስ ብስክሌቱ የለም። ሰፈሩን ሲያስስ ይውልና በመጨረሻ አንዲት ልጅ የተነፈሰ ጎማውን ስትነፋለት ያገኛታል። ደኅና ታሪክ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ይጎድለዋል።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ጨዋታ ፈጥሬያለሁ። መጽሐፉን የማነበው እኔ ነኝ፤ ግን እያወቅሁ እሳሳታለሁ። ልጆቹ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ይከተሉኛል። “ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ” የሚለውን “ንጉሡ ጃርት ላይ ተቀመጠ” አልኩና ፊቴን ኮስተር አደረግሁ። ክፍሉ በሳቅ ተገለባበጠ። ሽማግሌ እንደማሳፈር ያለ ደስታ የለም ለካ። እኔን ለማሳፈር ግን እያንዳንዷን ፊደል ማየት ግድ ነው። ፌንጣ እንኳ መዝለል ቀንሳለች፤ ከዘለለች ስህተቴ ያመልጣታላ።

እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም አንድ ልጅ አለ፤ ዳኛው ነው የምለው። ስሳሳት ጉሮሮውን ይጠርግና፣ ተሳስተዋል፣ ይቀጥሉ፣ ይላል።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየች። ፈገግ ስትል እናቷን ቁርጥ ናት። አልነገርኳትም፤ ትኮራብኛለች።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ኮሪደር ላይ ርዕሰ መምህሯ ከልጄ ጋር ስታወራ ወሬው ጆሮዬ ጥልቅ አለ። ስለ ሳቁ ነው ነገሩ። “ክፍሉ የልጆች ማስነበቢያ ሆኖ ሳለ የአባትሽ ማጫወቻ አደረግሽው እንዳልባል እፈራለሁ” አለቻት። ልጄ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ማጫወቻ። እሺ።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ዛሬ ለለውጥ ያህል የፖስተኛውን ገጽ አመጣሁ። ከብዙ ገጾች አንዱ ነው። ብስክሌቱን ጉማሬ አደረግሁት። “ፖስተኛው ጉማሬውን ከዛፍ ሥር አቆመ።” ዳኛው ራሱ ፍርዱን መስጠት አቅቶት ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። በኔ ንባብ መጨረሻው ላይ ጉማሬው ደብዳቤዎቹን ሲበላ ይገኛል። በየካቲት መጀመሪያ የመጣውን ገጽ ያስታወሰ ልጅ የለም። እንዴት ያስታውሱ? ያን ጊዜ መች አንብበውት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ዛሬም ፖስተኛው። የጠየቁት ልጆቹ ናቸው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

አርባ፣ አርባ፣ አርባ። ልጄ እራት ላይ ስታወራ ቃሏን መቁጠር ጀምሬያለሁ። ዛሬ በደቂቃ አርባ አትሞላም። ምን ሆንሽ ስላት፣ ደክሞኝ ነው አባዬ፣ አለች። ሰባት ዓመት ለምና ያገኘቻት ክፍል ናት። ቀለሙን የቀባችው ራሷ ናት፤ መደርደሪያውን ከዘበኛው ጋር ተሸክማ ስታስገባ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያልኩ አዝዝ ነበር።

እንደው ምን ላግዛት?

ዓርብ፣ መጋቢት 20

የፌንጣ እናት መጣች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው፤ እጇ በሳሙና ቆስሏል። ራሷ ማንበብ አትችልም። ሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅዳ ክሊኒክ ትሄዳለች፤ በሩ ላይ ብዙ ሰው ቆሟል፣ እሷም ትቆማለች። ፌንጣ አብራት ነበረች። በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብላ አየችና፣ “እማ፣ ዛሬ ሐኪሟ አትገባም ይላል፣ ረቡዕ ነው” አለቻት። እናቲቱ አላመነችም። ሌላ ሰው ጠየቀች። እውነት ነው።

“አባባ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስንቱ በር ላይ በከንቱ ቆሜ ይሆን?” አለችኝ።

ልጅሽ ከአሁን ወዲያ አታስቆምሽም አልኳትና ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። አንጀቴን በላችው።

ባለሰዓቱ ግን የክሊኒክ በር አይቆጥርም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ልጄ ከሌላ መጽሐፍ አንድ ገጽ መርጣ ልጆቹን ራሷ ለካቻቸው። ስምንቱ አርባ አልፈዋል። እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፤ እንደ ልጅነቷ እጄን ይዛ ወዘወዘችኝ። ጎሽ አልኳት።

ስምንት ግን አሥር አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ፖስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበብን። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ወረደው። ጎበዝ የሚባል ነው። ትንሽ ከነከነኝ። ዓይንህን ክፈት አልኩት፤ ከፈተና ጣራውን እያየ ቀጠለ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

ልጄ ሳላስባት ክፍል ገባች። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ተጨማዶ ስለነበር ነው እንጂ የሚደበቅ ነገር ኖሮት አይደለም።

ምን እያነበባችሁ ነው አለች። ልጆቹ ባንድ አፍ ጉማሬ አሏት። ሳቀች።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ነገ ነው። መድኃኒቱን ረስቼ ሁለት ጊዜ ወሰድኩት መሰለኝ፤ ወይም አልወሰድኩትም። ወረቀቱን ልቅደደው ብዬ አወጣሁት። ጽሑፌ አምሮብኛል፤ ያቺን የጎደለች ነጠላ ሰረዝ እንኳ በቀይ አስገብቼበታለሁ። መልሼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ለልጄ ብዬ ነው። ለማን ብዬ ይሆናል ሌላ?

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ሽማግሌ አይገባም ተባለ፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማል።

መጀመሪያ የገባው ዳኛው ነው። ባለሰዓቱ ጀምር ሲለው እንደ ውኃ ወረደ። “ፖስተኛው ጉማሬውን ከዛፍ ሥር አቆመ።” ባለሰዓቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እጄ ግን የኮቴን ኪስ ያዘ። ልጁ ሰባ አንድ ቃል አለ፤ ስንቱን እንዳነበበ እግዜር ይወቅ።

ሁለተኛዋም ጉማሬ አለች። ሦስተኛው ብስክሌት አለና እንደገና አስቦ ወደ ጉማሬ ተመለሰ። አምስተኛው ጉማሬ ሲል ባለሰዓቱ አልሳቀም። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ተነሥቶ ነው። ሁሉንም ልጆች ስታስቅ የከረመችው ቃል መስኮቱን አልፋ ስትመጣ ያን ቀን ማንንም አታስቅም ነበር።

ፌንጣ ገባች። ቀስ እያለች ማንበብ ጀመረች። ብስክሌቱን አለች። ዛፍ ሥር አለች። አልዘለለችም፣ አንድም ቃል። አርባ ሦስት። ባለሰዓቱ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ይህን ገጽ ከዚህ በፊት አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

“አዎ። አባባ ሲያነቡት ጉማሬ ነው፤ እኔ ሳነበው ብስክሌት ነው።”

እንደ ቁም ነገር ነው የነገረችው። ጥሩ የሠራች መስሏት።

ባለሰዓቱ ሲወጣ በፊቴ አለፈ። ቀና ብሎ አላየኝም። ቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባ፤ ልጄ ተጠራች። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ተነሥቼ በሩን ማንኳኳት ነበር። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

አልተናገርኩም። አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

የትምህርት ቤቱ ውጤት ተሰርዟል። የሁሉም፣ የፌንጣም ጭምር። ዘበኛው ነው የነገረኝ። “ጋሼ፣ ልጅዎ ፈተናውን ቀድማ አስጠንታ ነው አሉ” አለ። እኔ የማውቀው ነገር የለም አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስህተት እያሳደድኩ የኖርኩ ሰውዬ።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ኮቴ ትናንት ታጥቦ ዛሬ ተሰቅሏል። ኪሱ ባዶ ነው፤ ወረቀቱ የለም። ያጠበችው እሷ ናት። ሸሚዜን ስትተኩስ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ የምትናገር መስሎኝ ጠበቅኩ። አንገትጌውን ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ዛሬ ባለሰዓቱ ቢሮ ሄድኩ። በሁለት ታክሲ ተሂዶ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ትንፋሼ እስኪመለስ በወንበር አስቀመጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። የሠራሁትን ሁሉ ከየካቲት ጀምሬ ነገርኩት። ልጄ አንዳችም አታውቅም፣ ወረቀቱ የኔ፣ ጉማሬው የኔ፣ አልኩት።

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ደብዳቤ አወጣ። የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው። ገጹ በክፍሉ ውስጥ መነበቡን፣ ለክፍሉ ኃላፊዋ እሷ መሆኗን፣ ጉዳዩም ከእሷ ሌላ ማንንም እንደማይመለከት ጽፋለች። ቀኑን አየሁት። ግንቦት 15። ኮቴን ያጠበችበት ቀን።

የሷን ሰርዝና የኔን ጻፍ አልኩት። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱም ከመዝገቡ ጋር ይያያዛሉ አለኝ። ውሳኔው ላይለወጥ ይችላል ብሎ ግን ፈርቷል፤ የተበላሸ ውጤት ማን አበላሸው ተብሎ አይጠገንም አለ። ደብዳቤዬን ጻፍኩ፤ ሁለት ቦታ ሰረዝኩ። እንዲያው አስረከብኩት።

ልወጣ ስል፣ “አባት፣ ልጆቹ በእርግጥ ማንበብ ይችላሉ?” አለኝ።

አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነበር። ያን ያህል ወር አጠገባቸው ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 27

ባለሰዓቱ ዛሬ በራሱ ፈቃድ መጣ። የላከው የለም፤ የሚያስገባው ቅጽም የለውም። ማንም ያላየው አዲስ ገጽ ይዞ ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ አንድ ጣራ ጠጋኝ። እኔን ግቢው በር ላይ ከዘበኛው ጋር አስቀመጠኝ፣ እኔም አልተቀየምኩም።

ሲጨርስ ወረቀቱን አሳየኝ። አሥራ አንድ።

ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ አርባ አልፈዋል። ዳኛው አርባ ስምንት፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ አድርጎ። ፌንጣ ሃምሳ። የሚፈለገው አሥር ነበር።

ይህን ይዘህ ሂድላቸው፣ ክፍሏን አይዝጉ፣ አልኩት። እጁን ይዤዋለሁ፤ መልቀቄን አላስታውስም። ውሳኔው ዓርብ ተፈርሟል አባት፣ አለኝ። ይህን ያመጣሁት ለእርስዎና ለመምህርቷ ያህል ነው፤ እንድታውቁት ብዬ።

ባያሳውቀኝ ይሻል ነበር። ውሸት ነው፤ አይሻልም።

እራት ላይ ወረቀቱን በሳህኗ አጠገብ አኖርኩላት። አነበበችው። ይቅርታዬን በስንት ዓይነት አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልወጣ። በመጨረሻ፣ አጭበረበርኩ ልጄ፣ አልኩ።

“ማጭበርበርህ አይደለም አባዬ” አለች። “ስምንት አልፈዋል ብዬ እጅህን ይዤ ስነግርህ አላመንካቸውም። እኔንም እንዲሁ አላመንከኝም ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሳነብ ሳዘግም የቤት ሥራዬን አንተ እየሠራህ ትሰጠኝ ነበር። እኔ እኮ እችል ነበር። ትንሽ ብትጠብቀኝ እችል ነበር።”

ያን ጊዜ ያደረግሁት ከፍቅር መስሎኝ ነበር። ከቀኑ ሥራ ደክሜ እመጣለሁ፤ ጣቷ አንድ ፊደል ላይ ቆሞ ሲቀር መቀመጥ ያቅተኛል። አምጪው እላታለሁ። አምስት ደቂቃ መታገሥ ያቃተኝ አባት ነበርኩ፤ ለካ እሷ ያንን ክፍል የሠራችው ልጆችን በትዕግሥት ለመጠበቅ ነው። ጡረተኛ የፈለገችውም ሥራ ስለሌለው፣ የሚጠብቅ ሰው ብላ ነው። የመጣሁት ደግሞ እኔ።

ሳህኖቹን አነሣች። ልርዳሽ ስላት እሺ አለችኝ። እሷ አጠበች፣ እኔ አደረቅሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 3

መጻሕፍቱ በካርቶን ታሸጉ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ልጄ መዝገብ ቤት ተመድባለች፤ የተማሪ ማኅደር ቁጥር እየሰጠች መደርደር ነው። ቁልፉን ለርዕሰ መምህሯ ያስረከበችው ቆማ ነው። ርዕሰ መምህሯ ተቀመጪ አለቻት፤ አልተቀመጠችም።

ከሰዓት በኋላ የተሰበሩት ወንበሮች ገቡ። ዘበኛው ብቻውን ሲሸከም አየሁትና ላግዘው ብዬ አንዱን አነሣሁ። ጋሼ ይተዉት አለኝ። የሰማው ነገር አለ፤ ዓይኑን ከኔ ያሸሻል። ወንበሩን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። የምገባ መስሎኝ ነበር። ደጃፉ ላይ አስቀምጬው ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ዛሬ ልጄን ከሥራ ልቀበላት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ፌንጣ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቲቱ በጣም ታመሰግነኛለች፤ ምንም አልሰማችም። መታገሥ እስኪያቅተኝ ድረስ አመሰገነችኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ፌንጣ እጄን ሳበችኝና ጎንበስ እንድል አደረገችኝ።

“አባባ፣ ክፍላችን የተዘጋው ወድቀን ነው?”

አልወደቃችሁም አልኳት። እናንተ አልፋችኋል፤ አንቺማ ሃምሳ ቃል አንብበሻል። የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ባጠፋሁት ጥፋት ነው የተዘጋው።

ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ፊቴ ኮስተር ሲል የሚመጣውን ታውቀዋለች። እናቷም እሷን አይታ ሳቀች። እኔም እንደ ልማዴ አንዲት ነገር ጣል አድርጌ ማለፍ እችል ነበር፤ አፌ ላይ መጥታ ነበር።

ስቃ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ እንደገና ነገርኳት።